ዘንጉን ማን ሰነጠቀው

ትናንት የልጅ ልጄ ዳዊት የፋብሪካችንን ታሪክ ጽፎ መጣ። ደብረ ታቦር ያለው የወፍጮ መለዋወጫ ፋብሪካ በር ላይ በሰሌዳ ሊሰቀል ነው። እኔ ፊደል አልቆጠርኩም፤ አነበበልኝ። «ቅድመ አያታችን ጥሩነህ የመጀመሪያውን የወፍጮ ዘንግ ቢሠሩ በምቀኛ ዓይን ተሰነጠቀ» ይላል። ምቀኛዋን አውቃታለሁ።

አሥራ አራት ዓመቴ ነበር። ወሩ ታኅሣሥ፣ ገብሱ ከአውድማ የገባበት፣ የጉና ንፋስ ጆሮ የሚቆርጥበት። የሰፈራችን ወፍጮ ዘንጉ ተሰብሮ ቆመና እኛ ሴቶቹ ወደ ድንጋይ ወፍጮ ተመለስን፤ ትከሻዬ እስካሁን አልረሳውም። ባለወፍጮው ሌላ ሰው ቢያጣ ወደ ቀጥቃጩ ወደ አያ ጥሩነህ ሄደ።

«እስከ ሰኞ ካላደረስህ ጓዝህን ጠቅልለህ ከመሬቴ ውጣ» አላቸው።

ያኔ ቀጥቃጭ ቡዳ ነው ይባል ነበር። በደጃቸው ስናልፍ ቆሎ እንኳ በነጠላ ሸፍነን ነበር። ምን እንደሚሠሩ ለማየት በአጥሩ ቀዳዳ አጮለቅሁ። የጋለውን ዘንግ አመድ ውስጥ ቀበሩና የሆነ ነገር እያጉረመረሙ ወጡ። መቼም ለደግ ነገር አይቀበርም፣ አልኩ። ከቤተ ክርስቲያን የቀዳሁት አንድ ቅል ጠበል ይዤ ነበር። ገባሁና አመዱን በእንጨት ገልጬ፣ በስመ አብ ብዬ አፈሰስኩበት። ብረቱ ጮኸ። ሰይጣኑ ወጣ ብዬ ሮጥኩ፤ ቅሌን እንኳ እዚያው ጣልኩት።

በማግስቱ ዘንጉ ተሰንጥቆ ተገኘ። ሰው ተሰብስቦ፣ «ቡዳው የገዛ ሥራውን በላ» እያለ ሳቀ። አያ ጥሩነህ ስንጥቁን እንደገና አግለው ገጥመው አመድ ውስጥ ቀበሩትና፣ ከዚያ ሁሉ ሰው መሃል እኔን ጠሩ።

«አንቺ ልጅ፣ ይህን አመድ ጠብቂልኝ። ብረት ቀስ ብሎ ካልበረደ ይሰነጠቃል።»

ቀኑን ሙሉ ጠበቅሁ። ከአመዱ ዳር ድንች ጠብሰው ሰጡኝ፤ ፈርቼ ተቀበልኩት፣ ርቦኝ በላሁት። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ዘንጉ በደህና ወጣ። ልሄድ ስነሣ ቅሌን አቀበሉኝ።

«ዕቃሽን አትርሺ።»

ሰኞ ወፍጮው ተነሣ። ከዚያ ወዲያ ከአንበሳሜ ድረስ ስብራቱን ይዞ የሚመጣ በዛ። እኔም ኋላ ልጃቸውን አገባሁ፤ አማቴ እስኪሞቱ ያን ነገር አላነሡብኝም።

ዳዊትን፣ «ምቀኛውን ሰርዝና አያቴ ጠበል አፈሰሱበት በል» አልኩት።

በጎን አየኝ። «እማማ፣ ደንበኛው ምን ይላል? ደግሞስ ዘንግተውት እንዳይሆን።»

«ዓይን ዓይን ስንል ነው ያኔም አያ ጥሩነህን ልናባርራቸው የነበረው።»

እሺ አለ። እሺታው ግን ፈጠነብኝ። ሰሌዳው የተሰቀለ ዕለት በሩ ላይ ቁጭ ብዬ አላፊ አግዳሚውን አስነብባለሁ፤ ጠበል የሚለውን ቃል ሳልሰማ አልነሣም።