ስድስቱ የሽቦ መገናኛዎች

ሽንኩርቱ ራስ መቋጠር በጀመረበት ሳምንት የውኃ ፓምፑ ቆመ። ከሬዲዮ ዘጋቢነት ጡረታ ወጥቼ፣ እናቴ ፎገራ ሜዳ ላይ ወደተወችልኝ ማሳ ከተመለስሁ ሁለተኛ በጋዬ ነበር። ፀሐይ አለ፤ ጉድጓዱም ውኃ አለው። ከፀሐይ ኃይል መሰብሰቢያው እስከ ፓምፑ በዘረጋሁት ሽቦ ግን ምንም አያልፍም። መሬቱ መሰንጠቅ ጀምሯል። ጥቂት ቀን ከቆየ የበጋው ልፋት ከንቱ ነው።

ሽቦውን ስድስት ቦታ የቀጠልሁት ራሴ ነበርሁ። ጫፎቹን ትንንሽ የመዳብ ቱቦ ውስጥ ከትቼ በፒንሳ ጨፈለቅሁና በጥቁር ናስትሮ ጠቀለልኋቸው። በሥራ ዘመኔ አንድ ወሬ ከሁለት ሰው ሳላጣራ አላሰማሁም። ናስትሮውን ግን አመንሁት።

ሽቦውን ጠቅልዬ በባጃጅ ወረታ ገባሁ። ፓምፕ የምትጠግነው ሴት የልጄ እኩያ ትሆናለች። አንዱን መገናኛ ገልጣ አየችው። ላስቲኩ ቀልጧል፤ መዳቡ ጠቁሯል።

«ጋሼ፣ ይኸን በጥርስዎ ነው የነከሱት?»

«በፒንሳ ነው።»

«ፒንሳማ ሚስማር ይንቀሉበት! ሬዲዮ ላይ ሁሉን አዋቂ ነበሩ እኮ።»

ድምፄን በማወቋ ደስ አለኝ፤ አልነገርኋትም።

ረጅም እጀታ ያለው መጭመቂያ አወጣች። ለሽቦው ውፍረት ልክ የሆነ ቱቦ መረጠች፤ ጫፉን ላጠች፤ ከቀጫጭኖቹ ክሮች አንድም ውጭ እንዳልቀረ አየች። ከዚያ ጨመቀችው፤ መጭመቂያው እስከ መጨረሻው ካልተጨበጠ የያዘውን አይለቅም።

«የላላ ይግላል፤ ሲግል ይባስ ይላላል» አለችና ጫፉን ሰጠችኝ። «ይሳቡት። እንዳያዝኑለት።»

እግሬን ተክዬ ሳብሁት። አልነቃነቅ አለ።

ስድስቱንም ጨምቃ ላስቲክ አልብሳ እስክትጨርስ በርጩማ ላይ ተቀምጬ ስለ ሩዙ፣ ስለ ሐሙሲት መንገድ አወራን። ከሰው ጋር ያን ያህል ከተነጋገርሁ ሳምንታት አልፈው ነበር። ስነሣ፣ «ሳምንት ያህል ይሥራና በላስቲኩ ላይ ዳብሰው ይዩአቸው። የጋለ ካለ ይዘውልኝ ይምጡ» አለችኝ።

የዚያኑ ዕለት ከሰዓት በኋላ ውኃው ቦዩን ሞልቶ ወረደ። በሁለተኛው ቀን የሽንኩርቱ ቅጠል ቀና አለ።

በሳምንቱ ፓምፑ እየሠራ፣ እኩለ ቀን ላይ ሽቦውን ተከትዬ እየጎነበስሁ አንድ በአንድ ዳበስኋቸው። ሁሉም ቀዝቃዛ ነበሩ። ምናልባት ይግል እንደሆነ ብዬ ስድስተኛው ላይ እጄን ጥቂት አቆየሁት። ወረታ የሚያስኬደኝ ጉዳይ አልነበረም። ዶማዬን አንሥቼ ወደ ቦዩ ተመለስሁ።