ቦታውን የሳተ ኩላሊት

ይህን ነገር ለሰው አውርቼው አላውቅም፤ ሰሚውም መድኃኒት እንዳያዝልኝ ስለምፈራ ነው።

በአንኮበር የቅኔ ተማሪ ሳለሁ ከእምብርቴ በስተግራ፣ ዝቅ ብሎ፣ አብሮኝ የተወለደ እብጠት ነበረኝ። ቤተ ዘመድ የኮሶ ትል ጎጆ ነው ብሎ ስለ ወሰነ፣ ሌላው ሰው በየሁለት ወሩ የሚጠጣውን ኮሶ እኔ በየወሩ እጎነጭ ነበር። እብጠቱ ንቅንቅ አላለም፤ ጥፋቱ የጠጪው ነው ተብሎ መጠኑ ተጨመረ።

በገና ዕለት ሜዳ ላይ ስንጫወት፣ ከእንጨት የተጠረበችው የገና ኳስ፣ እሩር፣ እብጠቱ ላይ አረፈች። ምቱ ቀላል ስለ ነበር ጓደኞቼ በጩኸቴ ሳቁ። ማምሻውን ሽንቴ ደም ሆነ።

አዋቂዎቹም ተሰበሰቡ። ወጌሻው የበግ ኩላሊት የት እንደሚገኝ ጠንቅቆ ያውቃልና ወገቤን ከጎድን አጥንቴ ሥር ዳበሰ፤ ኩላሊቴ ደኅና መሆኑን አወጀ፤ የዞረ ጅማት ነው ብሎም ሆዴን በቅቤ ሊያሽ ተነሣ። ደብተራው አጎቴ ግን ደሙን አይቶ ደስ አለው፤ ትሉ ቆስሏል፣ ሲነጋ ድርብ ኮሶ ይጠጣ አለ። የትኛው ይቅደም በሚለው ሲከራከሩ እኔ እገረጣ ነበር። መገርጣቴንም ሁለቱም ለየራሳቸው ማስረጃ አድርገው ጠቀሱት።

እናቴ ልጇ በየትኛው ፈውስ እንደሚሞት እስኪወስኑ አልጠበቀችም። ወደ ባሕር ሊወርድ ከተማው ውስጥ ያደረ አንድ የውጭ አገር ሐኪም አስጠራች። እርሱም እብጠቱን በጣቱ ጫፍ ብቻ ነክቶ በአስተርጓሚ አስረዳ፦ ኩላሊታቸው ከፍጥረታቸው ዝቅ ብሎ የሚቀር ሰዎች አሉ፤ የጎድን አጥንት ስለማይከልለው ትንሽ ምት ያደማዋል፤ ይህም እንዲያ ሳይሆን አይቀርም። አይታሽ፣ ኮሶ አይጠጣ፣ ሽንቱ እስኪጠራ ከመኝታው አይነሣ።

«የበግ ኩላሊት እንኳ ቦታውን አይስትም» አለ ወጌሻው።

«እንግዲያስ በግ ያምጡና እሱን ይሹት» አለችው እናቴ። «ልጄን ሊነካ የሚገባ መጀመሪያ እኔን ይርገጥ።» ይህን ብላ ደጃፉ ላይ ተቀመጠች።

ደሙ እያደር ጠቆረ፣ ቀጠነ፣ ኋላም ሽንቴ ጠራ። ወጌሻው በዚያች አንድ ዳበሳ እንዳዳነኝ ለጎረቤት ተናገረ። አጎቴም ያለፈው ወር ኮሶ ዘግይቶ መሥራቱን አስረዳ። እናቴ ሁለቱንም አመስግና ጠላ ቀዳችላቸው፤ ጠጥተው እስኪሄዱ ድረስ ግን ከደጃፉ አልተነሣችም።