የጤናዬ ቀኝ በሬ

አስተማሪ በነበርኩበት ጊዜ ትምህርት ቤት ሊዘጋ ሲል ልጆቹን «ዘንድሮ ከክፍል ውጭ ምን ተማራችሁ?» ብዬ አንድ ገጽ አጽፋቸው ነበር። የሠላሳ ዓመት ወረቀት አርሜያለሁ፤ እኔ ራሴ ግን አንድም ቀን ጽፌ አላውቅም። ዘንድሮ ልጽፍ ነው። የተማርኩት ከጤናዬ ነው፤ ደስ የሚል ትምህርት ግን አይደለም።

ጤናዬ ከአሶሳ ብዙ በማይርቀው አምባችን የምትኖር ሴት ናት። በ1977 ዓ.ም. ለሰፈራ ከወሎ ስንመጣ እሷ የአስር ዓመት ልጅ፣ እኔ ጎረምሳ አስተማሪ ሆነን አንድ መኪና ላይ ነው የተጫንነው። መንገዱን ሙሉ ሰው ሲያለቅስ እሷ «መቼ ነው የምንደርሰው?» እያለች ሾፌሩን ታሰለቸው ነበር። ዛሬም እንደዚያው ናት። የሚቆረቁራትን ነገር ሳትጠይቅ አታድርም።

ባሏ አበጋዝ ከሞተ አምስት ዓመቱ ነው። የተወላት ሁለት ጥማድ መሬት፣ ቡሬ የሚባል አንድ በሬና አሶሳ ነርስነት የምትማር ስርጉት የምትባል ልጅ ነው። ያ መሬት ካልታረሰ የስርጉት ትምህርት እዚያ ላይ ያበቃል። ይህን ጤናዬም ታውቃለች፣ እኛም እናውቃለን።

አንድ በሬ ብቻውን አያርስም። ስለዚህ በእኛ ዘንድ አንድ አንድ በሬ ያላቸው ሁለት ገበሬዎች ይቀናጃሉ፤ በሬዎቹን አጣምረው ዛሬ የአንዱን፣ ነገ የሌላውን ማሳ ያርሳሉ። የአበጋዝ ቀንጃ ፈንታ ነበር። ሚዜውም እሱ ነበር። አበጋዝ የተቀበረ ዕለት ፈንታ በሰው ሁሉ ፊት ቆሞ፣ «የእኔ በሬ ዳለቻ በሕይወት እስካለ ድረስ የአበጋዝ መሬት ጦም አያድርም» አለ። ብዙ ሰው አለቀሰ። እኔም አልቅሻለሁ።

ቃሉንም ለአራት ዓመት ጠበቀ፤ አልዋሽበትም። ቡሬ ቀኝ፣ ዳለቻ ግራ ሆነው ዘጠኝ ክረምት አርሰዋል። ቀንበር ሲያዩ ማንም ሳይመራቸው እያንዳንዳቸው ቦታቸው ሄደው ይቆሙ ነበር።

አምና ሚያዝያ ላይ ፈንታ ራሱን በነጠላ ጠምጥሞ ጤናዬ በር ላይ ቆመ። «ዳለቻን ገንዲ ገደለብኝ» አለ። ገንዲ ዝንብ የሚያመጣው በሽታ ነው፤ በእኛ ቆላ ስንቱን በሬ ጨርሷል፣ ማንም አይጠራጠርም። ለማሳከም አማቹ ዘንድ፣ ወዲያኛው አምባ ወስዶት እንደነበር፣ እዚያው ሞቶ ከነቆዳው እንደቀበሩት ነገራት። ጤናዬ ለሰው እንደሚለቀስ አለቀሰችለት። በማግስቱ ድፎ ዳቦ ጋግራ ቤቱ ድረስ ሄዳ «እግዜር ይተካልህ» አለችው። እሱም ዳቦውን ተቀብሎ በላ።

ግንቦት ገባ። ሰው ሁሉ ቀደም ብሎ ተቀናጅቶ ስለነበር ለቡሬ ጓደኛ ጠፋ። ግቢዋ ውስጥ አንድ ወይፈን አለ፤ ግን ቀንበር ቀምሶ የማያውቅ ጥጃ ነገር ነው። ያኔ ፈንታ ሽማግሌ ላከ። ከሦስቱ አንዱ እኔ ነበርኩ። ማንጎ ጥላ ሥር ተቀምጠን፣ መሬቱን ለፈንታ የእኩል ብትሰጠው እንደሚሻላት አስረዳናት፤ በሬ ከዘመድ ፈልጎ ያርሰዋል፣ የሚገኘውን እህል ለሁለት ይካፈላሉ።

«በሬ ከዘመድ የሚያገኝ ከሆነ እንደ ድሮው ከቡሬ ጋር ለምን አይጠምደውም?» አለች።

አንደኛው ሽማግሌ ስለ መቻቻል ተናገረ። እኔ ዝም አልኩ፤ ዝም ያልኩበትን ምክንያት ኋላ እመጣበታለሁ። ጤናዬም እስከ እሑድ ጊዜ ስጡኝ አለችን።

ቅዳሜ ቡሬን ልትሸጠው ወደ ገበያ ነዳችው። አብራት የነበረችው ጎረቤቷ ብኸይታ ናት፤ በትከሻዋ በጣለችው እንጨት ሁለት ጫፍ የማንጎ ቅርጫት አንጠልጥላ። ብኸይታ የአገሩ ተወላጅ፣ የበርታ ሰው ናት፤ በአማርኛዋ ሴቱንም ወንዱንም «አንተ» ነው የምትለው፣ ማንም ቅር አይለውም። የሆነውን የነገረችኝም እሷ ናት።

ወዲያኛው አምባ አጠገብ ሲደርሱ ቡሬ ቆመ። ጆሮውን አቀና፣ አንዴ አገሳና መንገዱን ትቶ ከቤቶቹ ጀርባ ሮጠ። ጤናዬ እየተሳደበች ተከተለችው። ስትደርስበት በስተቀኝ ቆሟል። በስተግራው ደግሞ እንጨት ላይ የታሰረ አንድ በሬ ሳሩን ትቶ አንገቱን ይልስለታል። ዳለቻ ነበር። ወፍሯል።

«ጤናዬ፣ ይሄ ሞተ ያልከው በሬ አይደለም እንዴ? ወላሂ እሱ ነው!» አለች ብኸይታ።

«እሱ ነው» አለች ጤናዬ።

ገመዱን ይዛ ቡሬን ወደ መንገዱ ጎተተችው። ቡሬ ግን አልሄድም አለ። ዘጠኝ ዓመት የቆመበት ቦታ ነው፤ ቀንበር እስኪጫንበት ይጠብቃል። ሁለት ሴቶች ስበውም ገፍተውም ነው ከዚያ ያላቀቁት።

እኔ ብሆን ቀጥ ብዬ ፈንታ ቤት ሄጄ ሰፈሩን በጩኸት እቀውጠው ነበር። እሷ ገበያውን ትታ ቡሬን መለሰችና ቤቷ ገብታ ሦስት ቀን ተቀመጠች። የቆጫት መሬቱ ብቻ አልነበረም። «ዳቦዬን እኮ በላው» ትላለች ዛሬም። «እያየሁት፣ እያለቀስኩለት፣ አላምጦ ዋጠው።»

በአራተኛው ቀን ብኸይታ መቆፈሪያ ይዛ መጣች። «አንተ እጅ የለህም? እኛ ዘንድ በሬ የለም፣ ሴት ነው የሚቆፍር። ተነሣ!» አለቻት። አምስት የዘመድ ሴቶችም አስከትላ ነበር። እኛ ከደጋ የመጣነው በመቆፈሪያ የሚያርስ ሰው ስናይ ከንፈራችንን እንመጥ ነበር፤ ጤናዬም አብራን ትመጥ ነበር። በዚያ ክረምት እጇ እስኪላጥ ቆፈረች። የመሬቱ ግማሽ ማሽላ ተዘራበት፣ ግማሹ ጦም አደረ። ስርጉት ከጓደኛዋ ጋር አንድ ምግብ ለሁለት እየበላች ዓመቱን ገፋችው። እኛን ሽማግሌዎቹን ግን ጤናዬ ያኔውኑ እሑድ «አልሰጥም» ብላ መልሳን ነበር፤ ለምን እንደሆነ አልነገረችንም።

አዝመራው ከተሰበሰበ በኋላ ወይፈኑን ከቡሬ ጋር ጠምዳ ማስለመድ ጀመረች። ቡሬን ቀኝ፣ ወይፈኑን ግራ አድርጋ፣ መጀመሪያ ባዶ ቀንበር፣ ቀጥሎ ግንድ እያስጎተተች። ከዚያ እርፉን ራሷ ጨበጠች። በእኛ ዘንድ ሴት እርፍ አትጨብጥም። ወንዶቹ የማሳው ድንበር ላይ ቆመው ሳቁ፤ ወይፈኑ ሲጥላት እኔም ሳቅሁ። አንዴ እርፉ ተሰብሮ ጎኗን መታትና ሳምንት ተኛች። ተነሥታም ያንኑ አደረገች። ዘንድሮ ሚያዝያ ላይ የምታወጣው ትልም ከማንኛችንም ይልቅ ቀጥ ያለ ነበር፤ የሚስቅም አልነበረም።

በዚያው ወር ዳለቻን እውነት ገንዲ ገደለው። የአምናው ውሸት በብኸይታ አፍ አምባውን አዳርሶ ስለነበር፣ ቆዳው ተዘርግቶ እስኪያዩ ድረስ ፈንታን ያመነው ሰው አልነበረም። ያለ በሬ ሲቀር ፈንታ እንደገና ሽማግሌ ላከ፤ ታርቃው በጥማዷ ማሳውን እንድታርስለት። ከሦስቱ አንዱ አሁንም እኔ ነበርኩ። ሰው ስንቴ አንድ ዓይነት ጥፋት ያጠፋል?

ማሳው ድረስ ሄድን። የጀመረችውን ትልም ሳትጨርስ አልቆመችም። ከዚያ ላቧን ጠርጋ ሰማችን።

«ፈንታን ይቅር ብዬዋለሁ በሉት። በሬዎቼ ግን ማሳው አይገቡም።» ከዚያ ወደ እኔ ዞረች። «መምህር፣ አንቱ አምና ማንጎው ሥር ሲመክሩኝ ዳለቻ በሕይወት እንዳለ ያውቁ ነበር?»

አውቅ ነበር። ከዚያ አንድ ሳምንት ቀደም ብሎ ወዲያኛው አምባ ለቅሶ ደርሼ፣ ከፈንታ አማች ቤት ጀርባ ታስሮ አይቼዋለሁ። የሚመስለው ሌላ በሬ ነው ብዬ ራሴን ላታልል ሞክሬ ነበር። በሬው ግን ከሩቅ የማውቀው ነው። የእኔንም ማሳ ጡረታ ከወጣሁ ጀምሮ የሚያርስልኝ ፈንታ ነበር።

«አውቅ ነበር» አልኳት።

«ፈንታ መሬት ፈልጎ ነው። አንቱስ?»

«ማሳዬን የሚያርስልኝ እሱ ነው፣ ጤናዬ።»

እንደምትጮህብኝ ጠብቄ ነበር፤ ብትጮህብኝ ይሻለኝ ነበር። ዓይኔን ትክ ብላ አየችኝ። «ከመኪናው ላይ ጀምሮ አውቅዎታለሁ» አለች፤ ከዚያ ወደ በሬዎቿ ተመለሰች። አብረውኝ የመጡት ሁለቱ መንገዱን ሙሉ አላናገሩኝም። እነሱ አምና ሲመክሯት ዳለቻ በሕይወት እንዳለ አያውቁም ነበርና።

ሐሙስ ጠዋት ከቤቴ ጀርባ የጅራፍ ድምፅ ሰማሁ። ስወጣ ጤናዬ ቡሬንና ወይፈኑን ጠምዳ የእኔን ማሳ ጀምራለች።

«ጤናዬ፣ ለምን?»

«መሬቱ ምን አደረገኝ?» አለች ቀና ሳትል።

እስኪመሽ አረሰችው። ለምሳ ዳቦ ቆርሼ፣ ውኃ ይዤ ሄድኩ። «የያዝኩት አለኝ» አለችና ከቡሬ አጠገብ ቁጭ ብላ የራሷን ቋጠሮ ፈታች። ዳቦውን ይዤ ተመለስኩ። እስካሁን መደርደሪያው ላይ አለ፤ ደርቋል።