ደምሴ ዳዊት የደገመ ዕለት

የልጄ ክፍል ተማሪዎች እዚሁ ጆሃንስበርግ ታድሶ ለጎብኚ የተከፈተ፣ ባለ አንድ ክፍል አሮጌ ትምህርት ቤት ሊያዩ ሲሄዱ አብሬ ሄድኩ። በሩ ሲከፈት የጠመኔ አቧራና የአሮጌ እንጨት ሽታ ተቀበለን። አስጎብኚዋ የዛሬ መቶ ምናምን ዓመት ትንሹም ትልቁም እዚያው ተጠጋግቶ፣ ትልቁ ትንሹን እያስጠና፣ ሁሉም ባንድ ላይ እየጮኸ ይማር እንደነበር ስትናገር ልጆቹ ሳቁ፤ እኔን ግን እንባዬ ቀደመኝ።

እኛም እንዲያው ነበር የተማርነው። የኔታ ዓይናቸው አያይም፤ ጆሯቸው ግን ከሠላሳ ልጅ ጩኸት መካከል የአንዱን ስህተት ለይቶ ይይዛል፣ አለንጋቸውም ያንን ልጅ አይስትም። ታናሽ ወንድሜን ደምሴን እንዳስጠና የታዘዝኩት እኔ ነበርኩ። ፊደሉ አልገባ ሲለው፣ እንዳይገረፍብኝ ብዬ ጓሯችን ጎመኑ መሀል አስቀምጬ ሁሉንም በቃሉ አስያዝኩት፤ አንዴ የሰማው አይጠፋውማ! ጣቱን በመስመሩ ላይ እየነዳ መዝሙሩን ሲያንበለብለው፣ ጣቱ አፉን ሦስት መስመር ቀድሞት መሄዱን ከእኔ በቀር ያየ አልነበረም። ዳዊት ደገመ ተብሎ በግ ታረደ፣ አባታችን በደስታ አለቀሰ፣ የኔታም ፍርምባው ደርሷቸው መረቁን። እኔና ደምሴ እየተያየን ሳቃችንን መቆጣጠር አቃተን።

ኋላ አስኳላ ገብቶ የተማረ መሰለኝ። ዓመታት አልፈው እኔ እዚህ ነርስ ሆኜ ስኖር እሱም መጥቶ ከከተማው ወጣ ባለው ካትሌሆንግ ሰፈር፣ እዚህ ስፓዛ የሚሉትን ትንሽ የሰፈር ሱቅ ከፈተ። ስልክ ላይ ሁልጊዜ ድምፁን ቀድቶ ነበር የሚልክልኝ፤ ስንፍናው ነው እል ነበር። አንድ ቀን የመኖሪያ ወረቀቱን የሚያሳድስበት ቀን እንዳለፈ ስሰማ፣ ቀኑ እላዩ ላይ ተጽፎልህ ሳለ ብዬ በደንበኞቹ ፊት ደንቆሮ አልኩት። አንገቱን ደፍቶ ዕቃ መደርደር ጀመረ። ሳምንት ሳይሞላ ጸጸቱ ቢያንገበግበኝ ረጅም የይቅርታ መልእክት ጻፍኩለት፤ በድምፅ ያልላኩለት ለቅሶዬ ያሳፍረኛል ብዬ ነው። መልስ አጣሁ። ተቀየመኝ ብዬ እኔም ኮራሁ፣ እንደተኳረፍን ሁለት ወር አለፈ፣ ልቡ ድንገት ቆመ።

ከቀብሩ በኋላ የሱቅ ሸሪኩ ለማ ስልኩን ሲያስረክበኝ፣ "እህቴ፣ ያንን የጻፍሽለትን በየቀኑ እያወጣ ነበር የሚያየው" አለኝ። "ላንብብልህ ስለው፣ 'ተው፣ እሷ ራሷ መጥታ ታነብልኛለች' ይለኝ ነበር።"

ደምሴ ማንበብ እንደማይችል ከልጅነታችን ጀምሮ የማውቀው እኔ ብቻ ነበርኩ፣ እኔም ረሳሁት። እኔ ከምኖርበት ከሜይፌር ካትሌሆንግ በታክሲ አንድ ሰዓት አይሞላም።