«ጨረስን» ከተባለ በኋላ

የፊልም ትምህርት ቤት ጓደኞቿ «ጥድፊያ» ይሏታል። ስም ማውጣት ያውቁበታል፤ ሻይ ሳይበርድላት ጠጥታ፣ ምላሷን አቃጥላ፣ ከሁሉ ቀድማ የምትነሳ ልጅ ናት። የመመረቂያ ፊልም ሥሩ ሲባሉም ማንን ልቅረጽ ብላ አልተጨነቀችም። እናቷ የሞተችው እሷ አንደኛ ክፍል ሳለች ነው፤ ከዚያ ወዲህ ያሳደገቻት የሰው ልብስ እየተኮሰች የምትተዳደረው አክስቷ ናት። ይህን ውለታ በአፏ ተናግራው አታውቅም። ልትናገር ስትል ወሬ ትቀይራለች። እንግዲያው ፊልሙ ይናገርልኝ አለች።

ለቀረጻ ያላት ቀን ግን አንድ ብቻ ነበር። ሕንጻው ሊታደስ ስለሆነ አክስቷ የልብስ መተኮሻ ቤቷን ቁልፍ በማግስቱ ታስረክባለች። ካሜራውም የትምህርት ቤቱ ነውና በማግስቱ ይመለሳል።

አክስቷ የክት ልብሷን ለብሳ ጥድፊያንና ሊያግዛት የመጣውን የክፍል ጓደኛዋን ጠበቀቻቸው። ልጁ ማይክሮፎኑን ደረቷ ላይ ሲሰካላት፣ ከደንበኛ ሁሉ ጋር ስትቀላለድ የምትውለው ሴት ዜና አንባቢ ሆና ቁጭ አለች።

«ልብስ መተኮስ ከፍተኛ ጥንቃቄ የሚጠይቅ የሥራ ዘርፍ ነው» አለች።

«አክስቴ፣ እንደ ወትሮሽ አውሪ እንጂ።»

«ወትሮ ማን ቀርጾኝ ያውቃል?»

ጥድፊያ የካሜራውን መቅረጫ ቁልፍ ተጭና «ጀምሪ» ትላለች፤ ደግማ ተጭና «ጨረስን» ትላለች። በመሃል ገመድ ትጎትታለች፣ ዕቃ ልታመጣ ወደ ውጭ ትሮጣለች። ሲመሽ ቀረጻው ተሳካ ብላ ደስ እያላት ቤቷ ገባች።

በማግስቱ ቤቱም ካሜራውም ለየባለቤታቸው ከተመለሱ በኋላ፣ ትምህርት ቤት ኮምፒውተር ፊት ተቀምጣ ቅጂውን ከፈተች። ጠዋት ካሜራውን ስታስተካክል ሳታውቀው ቁልፉን አንዴ ተጭናው ኖሯል። ከዚያ በኋላ ነገሩ ሁሉ ተገልብጧል፤ «ጀምሪ» ስትል ካሜራው ይቆማል፣ «ጨረስን» ስትል ይቀርጻል። ካሜራው ሲቀርጽ የምትበራውን ቀይ መብራት ቀና ብላ ብታያት ኖሮ እኮ ስህተቱ ያኔውኑ ይታወቅ ነበር። ዛሬ በካሜራ የምትተዳደረው ጥድፊያ ያቺን መብራት ሳታይ «ጀምሩ» ብላ አታውቅም፤ ያን ቀን ግን መመረቄ ቀረ ብላ ጭንቅላቷን ይዛ ተቀመጠች።

ሌላ የምታየው ስለሌላት ያለውን አየች። አክስቷ አንድ የተጨማደደ ሸሚዝ አንስታ «አንተን ደግሞ ማን አኘከህ?» ትላለች። በልብስ ማንጠልጠያ ጀርባዋን ታካለች። ከዚያ ጥድፊያ ወደ ውጭ በወጣችበት ሰዓት፣ የክፍል ጓደኛዋ «እንደ እናት ሆነው ነው ያሳደጓት አሉ» ሲል ተሰማ።

«ሰው እንደዛ ይላል» አለች አክስቷ፣ ኮሌታ እያቃናች። «እህቴ የሞተች ጊዜ ይሄን ቤት ዘግቼ ተኝቼ ነበር። እህል አልቀምስ፣ ከሰው አልነጋገር ብዬ። ይቺ ልጅ መጣችና ዩኒፎርሜን ተኩሺልኝ፣ ነገ ትምህርት አለኝ አለችኝ። ምን ላድርግ፣ ተነሳሁ። ይኸው እስከ ዛሬ እንደቆምኩ ነኝ። ያነሳችኝ እሷ ናት።»

ጥድፊያ ይህን አታስታውስም። ዕድሜዋን ሙሉ ለአክስቷ ሸክም የሆነች ይመስላት ነበር። ምስሉን አቁማ አለቀሰች፤ ለአንድ ጊዜ እንኳ ሳትቸኩል።

መምህሯ አብረዋት አዩት። «ፊልምሽ ይሄ ነው» አሏት። «ግን ሴትየዋ የተናገረችው ካሜራው የጠፋ መስሏት ነው። ካልፈቀደች አንዲት ቃል አትወስጂም። ያኔ የሚመጣው ዓመት ትመረቂያለሽ።» ልክ እንደሆኑ ገባት። ስለዚህ ምክር እስከ ዛሬ ታመሰግናቸዋለች።

ላፕቶፕ ተውሳ ቤት ሄደች። አክስቷ ከተተኮሱ አንሶላዎች አጠገብ ተቀምጣ እስከ መጨረሻው አየችው።

«እምቢ ካልሽ አጠፋዋለሁ አክስቴ፣ የእውነቴን ነው። ሌላ ዓመት እመረቃለሁ።»

አክስቷ መነጽሯን አውልቃ በቀሚሷ ጫፍ ጠረገች።

«ጀርባዬን የማክበትን ቁረጪው፤ ደንበኛ ያየዋል» አለች።

«እሺ። ሌላውስ?»

«ሌላው እንዳለ ይሁን። ዓይን ዓይንሽን እያየሁ ልነግርሽ ስንቴ ሞክሬ አቅቶኛል።»