ፊትሽን አዙሪ

«ሚስጥር መያዝ ትችያለሽ?»

እትዬ አስካለ፣ የአባቴ ታላቅ እህት፣ ይህን ሲጠይቁኝ ገና ስምንት ዓመቴ ነበር፤ ሰማንያዎቹ ማለቂያ ላይ። ከሀና ማርያም ቁልቁል፣ ወንዙ ዳር ቆመናል። ጤዛው ካልሲዬን አርሶታል። እኔ ደግሞ ከቤት ከወጣን ጀምሮ አፌን ዘግቼ ልፈነዳ ደርሻለሁ። የመድኃኒት ቅጠል እስኪቆረጥ ድረስ አይወራም፤ ሰላምታ እንኳ አይመለስም፤ ኃይሉ ይጠፋል ይባላል። ወተት የምታመጣልን ጫልቱ መንገድ ላይ «ደህና አደራችሁ?» ብላ ዝም ስንላት ገባትና «እግዜር ይማረው» ብላ አለፈች።

ወንድሜ ሚኪ የወፍ በሽታ ይዞት ዓይኑ እንደ እርድ ቢጫ ሆኖ ነበር። የዚህን በሽታ ቅጠል ሰፈር ውስጥ የሚያውቁት እትዬ አስካለ ብቻ ናቸው። ልጅ ስለሌላቸው ለእኔ ሊያወርሱት አስበው ነበር መሰለኝ። ግን ቦታው ስንደርስ «ፊትሽን አዙሪ» በሚል ዓይን አዩኝ፤ አዞርኩ። ቀጭ ቀጭ ሲል ብቻ ሰማሁ። መራራ ሽታ መጣ። ነጠላቸው ስር ሸጎጡትና ያኔ ነው የጠየቁኝ።

እኔ ግን መች መለስኩ! «እንደ ግራዋ ነው አይደል የሚሸተው? ሚኪ ይተፋዋል! ለጓደኛዬ ለሰናይት ልንገራት?»

ሳቃቸው መጣ። «በይ ተይው፣ አንቺ ምላሰኛ! ምላስሽ ሲያጥር እናያለን።»

ሚኪ ዳነ። ቅጠሉ ይሁን መተኛቱ፣ ይኸው ፋርማሲ ተምሬ ተመርቄም አላውቅም። መች አሳዩኝና!

ዩኒቨርሲቲ እያለሁ፣ ላይብረሪ ውስጥ የድሮ እንግሊዞች የመድኃኒት ዕፅ መጽሐፍ ኮፒ ገለጥኩና ጤና አዳም አየሁ። የኛው አጥር ስር የሚበቅለው ጤና አዳም! ከነሥሩ ተስሎ፣ ለዓይን፣ ለሆድ፣ ለመርዝ ተብሎ ተጽፎበታል። ግማሹ ዛሬ ያስቃል። ግን የፈለገ ገልጦ እንዲያየው፣ እንዲከራከርበት ተቀምጧል። ተናደድኩ። እኛ ጋ ፊት ማዞር ነው።

ያኔ ወንዙ ዳር ቁጥቋጦ ብቻ ነበር። አሁን ቤት ተሠርቶበት፣ ቁጥቋጦው የቀረው ለግንባታ አሸዋ ከተራገፈበት አጠገብ ባለች አንድ ጥግ ብቻ ነው። እትዬ አስካለም በከዘራ ነው የሚሄዱት። ባለፈው ቅዳሜ ራሳቸው «ነይ እንውረድ» አሉኝ። ለበሽተኛ የሚቆረጥ ስላልነበረ እያወራን ወረድን፤ ጥጓ ጋ ስንደርስ ቆም ብለው ያንኑ ጥያቄ ደገሙልኝ።

«አልችልም፣ እትዬ» አልኳቸው። «ዛሬም አልችልም። አይቼው፣ አስመርምሬው፣ ለሁሉም ነው የምናገረው። ፊቴንም አላዞርም።»