ፍየሏ የሰማችው

ናስተሆ ያንን ቤት እንደምትናፍቅ ስትናገር ሰው ይስቅባታል። ሐርጌሳ፣ ኮድቡር ሰፈር፣ በሩና ቆርቆሮው በጦርነት ተዘርፎ ግድግዳው ብቻ የቀረ፣ ላዩን ላስቲክ የወጠሩበት ቤት ነበር። ዝናብ ሲመጣ እናትና ልጅ ፍራሹን ይዘው ከጥግ ጥግ ይሯሯጣሉ። ምኑ ይናፈቃል? እሷ ግን ትናፍቀዋለች፤ ሃያ አንድ ዓመቷን፣ የእናቷን ሻይ፣ አዴይ የምትባለውን ነጭ ፍየላቸውን።

ናስተሆ ያደገችው ድሬዳዋ፣ አክስቷ ቤት ስለሆነ አማርኛዋ እንደ ውሃ ይፈስሳል። እናቷ ዛምዛም ግን ከሶማልኛ ሌላ አታውቅም። እንደ ፈረንጆቹ በ1994 ናስተሆ አንገት ላይ የወጣው እብጠት አልጠፋ ሲል ተያይዘው አዲስ አበባ ሄዱ። ሐኪሙ ውጤቱን አይቶ፣ "ካንሰር ነው። ሕክምናው ረጅም ነው፤ ግን ተስፋ አለው። ለእናትሽ ንገሪያት" አለ።

እንግዲህ አስተርጓሚዋም ታማሚዋም አንድ ሰው ናቸው። ናስተሆ የእናቷን ፊት አየች። ታላቅ ወንድሟ አዋሌ ከስድስት ዓመት በፊት ሐርጌሳ በአውሮፕላን ስትደበደብ ሞቷል፤ ከዚያ ወዲህ ዛምዛም በር ሲንኳኳ ትደነግጣለች። "የጉሮሮ እብጠት ነው ይላል። መድኃኒቱ ይከብዳል እንጂ ይድናል" ብላ ተረጎመች። ፍየል ወዲህ ቅዝምዝም ወዲያ ማለት ይኼ ነው።

በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይባላል። እሷስ መድኃኒቱን አግኝታ ሐርጌሳ ተመልሳለች፤ ያጣችው የምታዋየው ሰው ነው። ስለዚህ ለአዴይ ታወራት ጀመር።

አዴይ ጠዋት ከሰፈሩ ፍየሎች ጋር ወጥታ፣ ካርቶንና ቅጠል ስትለቅም ውላ፣ ማታ ማንም ሳይጠራት ትመለሳለች። ፍየል ከመድረሷ ቅጠል መበጠሷ እንዲሉ፣ መንገድ ላይ የጎረቤት አትክልት ትቀምሳለች፤ ስድቡን የምትቀበለው ዛምዛም ናት። መድኃኒቱ የናስተሆን ሆድ ሲገለብጠው ከአዴይ ወተት በቀር የሚረጋላት ነገር አልነበረም። ፀጉሯ የረገፈ ጊዜ ደግሞ አዴይ ላብ ያራሰውን መላጣዋን ጨው አገኘሁ ብላ ትልሰው ገባች። ናስተሆ በዚያ ዓመት ከልቧ የሳቀችው ያኔ ብቻ ነው። አንገቷን አቅፋ፣ "መሞት እፈራለሁ፣ አዴይ። እናቴስ ምን ይውጣት?" እያለች በአማርኛ ታለቅሳለች። እናቷ እዚያው ጓሮ የስፌት መኪናዋን እያሽከረከረች ትሰማታለች፤ ቋንቋውን ስለማታውቅ ናስተሆ ድምጿን እንኳ ዝቅ አታደርግም።

በኅዳር ወር በከተማዋ እንደገና ተኩስ ተከፈተ፤ አሁን የሚታኮሱት ወንድማማቾች ነበሩ። ሰፈርተኛው ወደ ኢትዮጵያ ድንበር ጎረፈ። የጎረቤታቸው የማህዲ አይሱዙ በሰውና በዕቃ ጢም ብሏል።

"ኤዶ ዛምዛም" አለ ማህዲ፣ እንደ አክስቱ ስለሚያያት። "ወይ የስፌት መኪናው፣ ወይ ፍየሏ። ለሁለቱ ቦታ የለኝም።"

የስፌት መኪናው መተዳደሪያቸው ነው፤ ናስተሆ ልቧ እየተቃጠለ የአዴይን ገመድ ለቀቀች። ዛምዛም ግን አይሱዙው ላይ ወጣች፣ የተጫነውን የስፌት መኪና አወረደች፣ በምትኩ አዴይን አቅፋ ጫነቻት።

"ሆዮ፣ ምን እያደረግሽ ነው?" አለች ናስተሆ።

"ምን እንደምትነግሪያት አላውቅም" አለች እናቷ። "ግን ከእሷ በቀር የምታለቅሺለት የለሽም። ወላሂ፣ እሷን ጥዬ አልሄድም።"

ከከተማ ሲወጡ ናስተሆ በሶማልኛ ሁሉንም ነገረቻት፤ ሐኪሙ ያለውን፣ እሷ ያልተረጎመችውን።

"ለምን ደበቅሽኝ?"

"የአዋሌ ሐዘን ይበቃሻል ብዬ።"

"አዋሌን አንድ ቀን እንኳ አላስታመምኩትም" አለች ዛምዛም። "አንድ ጉንጭ ውሃ ሳልሰጠው ነው የሄደብኝ። አንቺን ላስታምምሽ፣ ልጄ። ይኼን አትንፈጊኝ።"

የናስተሆን ሻሽ ፈታች፣ ራሷን ጭኗ ላይ አድርጋ መላጣዋን ትዳብስላት ጀመር። ናስተሆ እስከ ድንበሩ ድረስ አለቀሰች።

አስታማ አዳነቻት። ዛሬ ዛምዛም የለችም፤ ናስተሆ ራሷ የልጅ ልጅ አይታለች። ጉንፋን እንኳ ሲይዛት ግን ያ እጅ ይናፍቃታል።